የብር ኮሎይድ ገጽ ላይ ምን እንደተጣበቀ በስፔክትሮስኮፒ ማጥናት፦ ለሐዋሳ ቤተ ሙከራ የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

የብር ኮሎይድ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የተበተኑ እጅግ ደቃቅ የብር ቅንጣቶች፣ መሥራት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ኤፍቲአይአር (ናሙና የትኛውን ኢንፍራሬድ ብርሃን እንደሚመጥ የሚያነብ መሣሪያ) ላይ አስቀምጦ ፒክ (የግራፉ ጫፍ) ማግኘትም ከባድ አይደለም፤ ምንም ነገር ብታስቀምጡ ፒክ ይሰጣል። ጭንቁ ያ ፒክ ከየት መጣ የሚለው ነው። ቅንጣቱ ገጽ ላይ ከተጣበቀው ሞለኪውል ነው? አብሮ ከደረቀው ትርፍ ነው? ከአየሩ እርጥበት ነው? ወይስ መሣሪያው ላይ ጎንበስ ብሎ ከተነፈሰው ሰው? ይህ መመሪያ የሚያተኩረው እዚያ ላይ ነው። ምሳሌያችን በሲትሬት (የብር አዮንን ወደ ብር የሚቀይርና ቅንጣቶቹን የሚሸፍን ጨው) የተሠራ የብር ኮሎይድ ላይ ሲስቴይን (ሰልፈር ያለው አሚኖ አሲድ) መለጠፍና መለጠፉን ማረጋገጥ ነው። ኬሚካሎቹ በየዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ላይ አይጠፉም፤ የሚያጋጥሙት ስህተቶችም በሌላ ኮሎይድ ላይ ከሚያጋጥሙት ጋር አንድ ናቸው።

መጀመሪያ ሒሳቡ

100 ሚሊ ሊትር ኮሎይድ ለመሥራት 18 ሚሊ ግራም ሲልቨር ናይትሬት ይገባል። ከዚህ ውስጥ ብሩ 11.4 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ቅንጣቶቹ በአማካይ 40 ናኖ ሜትር ዲያሜትር ያላቸው ድቡልቡሎች ናቸው እንበል። የብር ጥግግት በሴንቲ ሜትር ኩብ 10.49 ግራም ስለሆነ የሁሉም ገጽ ሲደመር 0.16 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነች የረከቦት ጨርቅ ማለት ነው።

እዚያች ጨርቅ ላይ ስንት ሲትሬት ይቀመጣል? በካሬ ናኖ ሜትር ሁለት ሞለኪውል ብናስቀምጥ ጠቅላላው 0.1 ሚሊ ግራም ያህል ነው። ፍላስኩ ውስጥ የጨመርነው ሲትሬት ግን 20 ሚሊ ግራም ነው። ከፊሉ በምላሹ ቢያልቅም፣ ሳይታጠብ የደረቀ ኮሎይድ ላይ የሚነበበው ሲትሬት ከሞላ ጎደል ሁሉም ፈሳሹ ውስጥ የነበረ ነው፤ ገጹ ላይ ያለው ከሁለት መቶ አንድ እጅ ቢሆን ነው። በእጽዋት ጭማቂ ሲሠራ ደግሞ ይብሳል። የሽፈራው ቅጠል ጭማቂ የተጠቀመ ተማሪ የደረቀውን ናሙና ስፔክትረም ከደረቀው ቅጠል ስፔክትረም ጋር አስተያይቶ «አንድ ዓይነት ናቸው፤ ስለዚህ የቅጠሉ ሞለኪውሎች ቅንጣቱን ሸፍነውታል» ብሎ ይጽፋል። አንድ ዓይነት የሆኑት ግን ያስቀመጠው ቅጠሉን ራሱን ስለሆነ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ሥራ ግማሹ እጥበት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

1. ውሃና ዕቃ

ዲስቲልድ ወይም ዲአዮናይዝድ ውሃ ብቻ ተጠቀሙ፤ ኮንዳክቲቪቲው በሴንቲ ሜትር ከ5 ማይክሮሲመንስ በታች ይሁን። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ባይካርቦኔትና ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የቧንቧ ከሆነ ክሎራይድም አለው፤ ብርን ቀድሞ የሚያበላሸው ክሎራይድ ነው። ዲስቲለሩ በጊዜው ካልታጠበና ፈሳሹ ሲፈላ እየተፈናጠረ ወደ ማቀዝቀዣው ካለፈ «ዲስቲልድ» የተባለውም ጨው ይዞ ይወጣል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ 5 ሚሊ ሊትር ውሃ በንጹሕ የሙከራ ቱቦ ቅዱና ሁለት ጠብታ 0.1 ሞላር ሲልቨር ናይትሬት ጨምሩ። ቱቦውን ከጥቁር ወረቀት ፊት አድርጋችሁ ተመልከቱ። እንደ ጭስ ያለ ነጭ ደመና ከታየ ውሃው አይሆንም።

ዕቃ ማጠቢያው 10 በመቶ ናይትሪክ አሲድ ነው። ፍላስኩን፣ ማግኔቱን፣ የመስታወት ፒፔቱን ለአንድ ሰዓት ዘፍዝፉ፤ ከዚያ በዲስቲልድ ውሃ አምስትና ስድስት ጊዜ አለቅልቁ። ብዙ የወርቅ ኮሎይድ መመሪያ አኳ ሬጂያ እጠቡበት ይላል፤ ለወርቅ ትክክል ነው። ብር የነካውን ዕቃ ግን አኳ ሬጂያ ውስጥ መክተት ትርፉ መስታወቱ ላይ የማይሟሟ ሲልቨር ክሎራይድ መለጠፍ ነው። ጓንት፣ መነጽር፣ ፊውም ሁድ አይቅሩ። ሲልቨር ናይትሬት የነካው ጣት በማግስቱ ይጠቁራል፤ ቆዳው እስኪለወጥም አይለቅም።

2. ኮሎይዱን ማፍላት

ይህ እ.ኤ.አ. በ1982 የታተመውና ሊ-ማይዝል በሚል የሚታወቀው አሠራር ወደ አንድ አምስተኛ ተቀንሶ ነው።

18 ሚሊ ግራም ሲልቨር ናይትሬት በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ አሟሙ። 250 ሚሊ ሊትር ፍላስክ ላይ አድርጉና ሪፍለክስ ማቀዝቀዣ (እንፋሎቱን ወደ ፍላስኩ የሚመልስ) ግጠሙ፤ ማቀዝቀዣ ከሌለ ደረጃውን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጋችሁ የተነነውን በሙቅ ዲስቲልድ ውሃ ተኩ። በማግኔት እያማሰላችሁ በደንብ ይፍላ። ከዚያ 2 ሚሊ ሊትር 1 በመቶ ትራይሶዲየም ሲትሬት በጠብታ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጨምሩ። ለአንድ ሰዓት ሳያቋርጥ ይፍላ።

ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ94 እና 95 ዲግሪ መካከል ነው። ሆት ፕሌቱን 100 ላይ አድርጎ ቴርሞሜትሩ እስኪደርስ የሚጠብቅ ሰው ቀኑን ሙሉ ይጠብቃል። ምልክታችሁ ቁጥሩ ሳይሆን የማያቋርጥ ፍላት ይሁን። ምላሹ ባሕር ዳርቻ ካለ ቤተ ሙከራ ትንሽ ይዘገያል፤ በአንድ ሰዓት ቀለሙ ካልጸና 15 ደቂቃ ጨምሩለት።

ቀለሙ መጀመሪያ ፈዛዛ ቢጫ ይሆናል፤ ቀጥሎ እየደፈረሰ ግራጫ የተቀላቀለበት አረንጓዴማ ቢጫ ላይ ይረጋል። ትንሿን ወስዳችሁ አሥር እጥፍ ስታቀጥኑት የጠጅ ቀለም ይኖረዋል። ሲትሬቱ ገና ሳይጨመር ውሃው ነጭ ከሆነ ክሎራይድ አለ፤ ድፉትና ከውሃው ጀምሩ። የፍላስኩ ግድግዳ እንደ መስታወት ካበራ ደግሞ ዕቃው አልጸዳም፤ ብሩ ቅንጣት በመሆን ፈንታ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

መብራት መሀል ላይ ከሄደ ያን ዙር ለገጽ ጥናት አትጠቀሙበት። ቀዝቅዞ እንደገና የፈላ ኮሎይድ የቅንጣቶቹ መጠን ይዘበራረቃል። የሠመረውን በራሱ ጊዜ አቀዝቅዙት፤ በቡናማ ጠርሙስ ወይም በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልላችሁ በ4 ዲግሪ አስቀምጡ። ፍሪዘር ውስጥ አይግባ፤ በረዶ የሠራ ኮሎይድ አይመለስም።

3. የመጀመሪያው ዩቪ-ቪዚብል ስካን

ይህን ስካን (ኮሎይዱ በየሞገድ ርዝመቱ ምን ያህል ብርሃን እንደሚመጥ የሚያሳይ ንባብ) ከእጥበቱ በፊት ያዙ፤ ኋላ የሚመጣው ሁሉ የሚወዳደረው ከዚህ ጋር ነው። ኮሎይዱን 1 ለ10 አቅጥኑ፤ ጫፉ አሁንም ከ1 አብዞርባንስ በላይ ከሆነ 1 ለ20። ብላንኩ (መሣሪያው ዜሮ የሚደረግበት ፈሳሽ) 0.02 በመቶ የሲትሬት ውሃ ይሁን። ከ300 እስከ 800 ናኖ ሜትር፣ በ1 ናኖ ሜትር እርምጃ፣ በመካከለኛ ፍጥነት ስካን አድርጉ። ከ340 ናኖ ሜትር በታች የምታነቡት ነገር ከሌለ የፕላስቲክ ኩቬት ይበቃል።

ጫፉ 420 ናኖ ሜትር አካባቢ ይመጣል፤ ሰፊ ነው። ሰፊ በመሆኑ መሣሪያው «ጫፍ» ብሎ የሚሰጠው ቁጥር በየንባቡ ሁለትና ሦስት ናኖ ሜትር ይዋልላል፤ የምንፈልገው ለውጥም ያንኑ ያህል ነው። ስለዚህ ከጫፉ ቁመት 90 በመቶ ላይ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት የሞገድ ርዝመቶች ውሰዱና አማካያቸውን መዝግቡ። ይህ ቁጥር አይዋልልም። ከእሱ ጋር የጫፉን ቁመትና የ650 ናኖ ሜትሩን አብዞርባንስ ጻፉ። ሦስት ቁጥር ይበቃል።

ኋላ ሲስቴይኑ ሲጨመር ንባቡ እንዲህ ነው፦ አማካዩ ጥቂት ናኖ ሜትር ወደ ቀይ ሄዶ ቁመቱ ብዙም ካልቀነሰና 650 ላይ ምንም ካልተነሳ፣ ገጹ ላይ አዲስ ነገር ተቀምጧል፤ ቅንጣቱን የከበበው ነገር የብርሃን ስብራቱ ስለጨመረ ነው ጫፉ የተንሸራተተው። ቁመቱ ወድቆ ከ500 እስከ 700 ባለው ላይ ትከሻ ከበቀለ ግን ቅንጣቶቹ ተያይዘዋል። ሁለተኛው ላይ «ተለጠፈ» ብሎ መጻፍ አይቻልም፤ ዩቪ-ቪዚብሉ ራሱም ምን እንደተቀመጠ አይነግርም፤ የሆነ ነገር መለወጡን ብቻ ነው የሚነግር።

ብር ኩቬት ላይ ይጣበቃል። ባዶውን ኩቬት ወደ ብርሃን አንሱና እዩት፤ ቢጫ ቢጫ ካለ 10 በመቶ ናይትሪክ አሲድ ለአንድ ደቂቃ ሞልታችሁ አለቅልቁ። ያ ቢጫ 420 ላይ ይነበባል።

4. እጥበት

ሴንትሪፉጁ ላይ የሚነበበው ዙር በደቂቃ ነው፤ መመሪያ የሚሰጠው ግን በጂ (በመሬት ስበት እጥፍ) ነው። መቀየሪያው፦ ጂ እኩል ይሆናል 0.00001118 ሲባዛ በሮተሩ ራዲየስ በሴንቲ ሜትር፣ ሲባዛ በዙሩ ስኩዌር። 15 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ ላለው፣ 5,000 ጂ ለማግኘት 5,460 ዙር ገደማ ያስፈልጋል። በብዙ ቦታ ያለው የጠረጴዛ ሴንትሪፉጅ 4,000 ዙር ላይ ይቆማል፤ ያ በዚሁ ራዲየስ 2,700 ጂ ብቻ ነው። አሠራሩ አይከለከልም፤ ጊዜው ይረዝማል እንጂ። 40 ናኖ ሜትር የብር ቅንጣት 10 ሴንቲ ሜትር ፈሳሽ አቋርጦ እንዲወርድ በ5,000 ጂ 45 ደቂቃ፣ በ2,700 ጂ ደግሞ 85 ደቂቃ ስጡት።

ኮሎይዱን 12 ሚሊ ሊትር፣ 12 ሚሊ ሊትር አድርጋችሁ በስምንት 15 ሚሊ ሊትር ቱቦ ላይ ክፈሉ። ቱቦዎቹን በሚዛን አመጣጥኑ፤ በዓይን አይሆንም። ካዞራችሁ በኋላ የላዩን ፈሳሽ በፒፔት በዝግታ ቅዱ፤ ታች 0.4 ሚሊ ሊትር አስቀሩ። ይህ ማለት በእያንዳንዱ እጥበት ትርፉ 30 እጥፍ ይቀንሳል፤ በሁለት እጥበት 900 እጥፍ። 20 ሚሊ ግራም የነበረው ሲትሬት 0.02 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ገጹ ላይ ካለው 0.1 አንሶ ማለት ነው። አሁን ገና ስለ ገጽ መናገር ይቻላል።

የመጀመሪያውን የላይ ፈሳሽ አትድፉ። «ላይ 1» ብላችሁ ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ኋላ ኤፍቲአይአር ላይ ያስፈልጋል።

ታጥቦ የወረደውን ዝቃጭ በዲስቲልድ ውሃ መልሳችሁ 12 ሚሊ ሊትር አድርሱና ቱቦውን በእጅ እያገላበጣችሁ አነቃንቁ፤ ካስፈለገ ለ30 ሰከንድ ሶኒኬተር ላይ። በትክክል የታጠበ ወዲያው ተበትኖ ጥንት ወደነበረው ቀለም ይመለሳል። እንደ ቡና አተላ ፍርፍር እያለ ታች የሚቀመጥ ከሆነ ሞቷል፤ ሶኒኬተር ብዙ ብታስቀምጡትም አይነሳም። ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ፍጥነቱ በዝቶ ዝቃጩ ተጨፍልቋል፣ ወይ ሦስተኛ ጊዜ ታጥቦ ቅንጣቶቹን የሚያራርቃቸው ሲትሬት ራሱ ተነሥቷል። ሲስቴይን ሳይጨመር ከሁለት በላይ አትጠቡ። ዳግም ስካን አድርጉና ሦስቱን ቁጥሮች ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩ፤ የ650ው ከፍ ካለ አትቀጥሉ።

እጥበቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ ሳይቀነስ የቀረውን የብር አዮን ያወጣል። የብር አዮን ከሲስቴይን ጋር ፈሳሹ ውስጥ እንዳለ ይያያዝና «ገጹ ላይ ተቀመጠ» የሚል ሐሰተኛ ቁጥር ይሰጣል።

5. ሲስቴይኑን መለጠፍ

በካሬ ናኖ ሜትር አራት ወይም አምስት ቲዮል (ሲስቴይን ብሩን የሚይዝበት የሰልፈርና ሃይድሮጅን ቡድን) ይቀመጣል ብለን ስናሰላ፣ ለ100 ሚሊ ሊትር ኮሎይድ ሙሉ ሽፋን የሚያስፈልገው 1.2 ማይክሮሞል ገደማ ነው። ሦስት እጥፍ፣ ማለትም 3.6 ማይክሮሞል እንጨምራለን።

12.1 ሚሊ ግራም ሲስቴይን በ10 ሚሊ ሊትር ውሃ አሟሙ፤ ይህ 10 ሚሊሞላር ነው። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። «ሲስቴይን ሃይድሮክሎራይድ» ካለ አትጠቀሙበት፤ ክሎራይድ ይዞ ይመጣል። ፈሳሹ የዕለቱ ይሁን፤ ትናንት የተዘጋጀ ሲስቴይን በአየር እየተቃጠለ ሲስቲን ይሆናል። የስም መመሳሰል አያሳስታችሁ፤ ሲስቲን ሁለት ሲስቴይን በሰልፈር ተያይዘው የሚሠሩት ሲሆን ነፃ ቲዮል የለውም።

የታጠበውን ኮሎይድ በ0.01 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ በጠብታ ፒኤች 9.5 ላይ አድርሱ። ይህን የዘለለ ሰው ሲስቴይኑን በጨመረ በደቂቃዎች ውስጥ ኮሎይዱ ሲጠቁር ያያል፤ ሲስቴይን በገለልተኛ ፒኤች ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ጫፍ ይዞ ስለሚቀመጥ የአንዱ ቅንጣት አሚን የሌላውን ካርቦክሲሌት ይጎትታል። 9.5 ላይ ግን አጠቃላይ ቻርጁ ኔጋቲቭ ነው። የፒኤች ኤሌክትሮዱን ዋናው ፍላስክ ውስጥ አትክተቱ፤ ውስጡ ያለው ፖታሲየም ክሎራይድ ይፈስሳል። 2 ሚሊ ሊትር ለይታችሁ ለኩና ድፉት።

ከዚያ ለ100 ሚሊ ሊትሩ 360 ማይክሮ ሊትር ሲስቴይን እያማሰላችሁ ጨምሩ፤ ክዳን ዘግታችሁ አንድ ሰዓት ተዉት። ጎን ለጎን ቅንጣት የሌለበት፣ ያው ፒኤች ያለው 10 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ 36 ማይክሮ ሊትር ሲስቴይን ጨምራችሁ ለዚያው አንድ ሰዓት አስቀምጡ። ይህ «ባዶ ቱቦ» ነው። ያለ እሱ ቀጣዩ እርምጃ ዋጋ የለውም።

6. ምን ያህል ተቀመጠ? በኤልማን ሪኤጀንት መለካት

ኤፍቲአይአር ለሌለው ቤተ ሙከራ ይህ ክፍል ብቻውን ጥሩ ውጤት ይሰጣል፤ ላለውም ቢሆን ቁጥር የሚገኘው ከዚህ እንጂ ከኤፍቲአይአር አይደለም። የኤልማን ሪኤጀንት፣ በሌላ ስሙ ዲቲኤንቢ፣ ከነፃ ቲዮል ጋር ሲገናኝ 412 ናኖ ሜትር ላይ የሚነበብ ቢጫ ይሰጣል፤ ሞላር አብዞርፕቲቪቲው 14,150 ነው።

ኮሎይዱን ሴንትሪፉጅ አድርጋችሁ የላዩን ፈሳሽ ውሰዱ። 0.5 ሚሊ ሊትሩን ከ0.5 ሚሊ ሊትር 0.2 ሞላር ፎስፌት በፈር፣ ፒኤች 8፣ ጋር ቀላቅሉ። 20 ማይክሮ ሊትር ዲቲኤንቢ ጨምሩ፤ 4 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር በፈር የተሟሟ። 15 ደቂቃ ጠብቁና 412 ላይ አንብቡ። በባዶ ቱቦውም ይህንኑ ድገሙ።

ሲስቴይን ፈጽሞ ካልተለጠፈ ፈሳሹ ውስጥ ያለው 36 ማይክሮሞላር ነው፤ ግማሽ ሲቀጥን ንባቡ 0.25 ይሆናል። አንድ ሙሉ ሽፋን ከተቀመጠ 24 ማይክሮሞላር ይቀራል፤ ንባቡም 0.17 ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ ናት፤ ስለዚህ ሦስት ሦስት ጊዜ አንብቡ። ባዶ ቱቦው ራሱ 0.25 ፈንታ 0.20 ካነበበ ሲስቴይኑ በአየር እየተቃጠለ ነው፤ የጎደለው ሁሉ ገጹ ላይ አልሄደም፤ የምትቀንሱት ከባዶ ቱቦው ንባብ ላይ ነው።

ትልቁ ወጥመድ 412 የብሩ የራሱ ጫፍ ሥር መሆኑ ነው። የላዩ ፈሳሽ ውስጥ ጥቂት ቅንጣት ቢቀር ንባቡን ከፍ ያደርገዋል፤ «አልተለጠፈም» የሚል ሐሰት ይሰጣል። ዲቲኤንቢ ሳይጨመርበት ያው ፈሳሽ በበፈር ቀጥኖ 412 ላይ ይነበብ፤ ከ0.01 በላይ ካሳየ እንደገና ሴንትሪፉጅ አድርጉት።

7. ኤፍቲአይአር

ለዚህ ሥራ ኤቲአር (ናሙናው በቀጥታ ክሪስታል ላይ ተቀምጦ የሚነበብበት) እንጂ የኬቢአር ፔሌት (ናሙናው ከፖታሲየም ብሮማይድ ጋር ተጨፍልቆ የሚነበብበት) አንመክርም። አንደኛው ምክንያት እርጥበት ነው፤ በዝናብ ወቅት፣ በተለይ ከሐይቁ አቅራቢያ፣ ኬቢአሩ ከኦቨን ወጥቶ ፕሬሱ እስኪደርስ ውሃ ይጠጣል። ሁለተኛው ይብሳል፤ ብሮማይድ ብርን ይወዳል፤ በ8 ቶን ግፊት ስትጨፈልቁት ገጹ ላይ ያለውን ሞለኪውል ገፍቶ ሊቀመጥ ይችላል። ሌላ አማራጭ ከሌለ ኬቢአሩ በ110 ዲግሪ አንድ ሌሊት ይድረቅ፤ 200 ሚሊ ግራም ኬቢአር ላይ 1 ሚሊ ግራም ናሙና ይሁን።

የኤቲአሩ አካሄድ ይህ ነው። ሲስቴይን የተለጠፈበትን ኮሎይድ ሁለት ጊዜ በፒኤች 9.5 ውሃ እጠቡ፤ የስምንቱን ቱቦ ዝቃጭ አንድ ላይ አሰባስባችሁ 300 ማይክሮ ሊትር ላይ አድርሱት። መሣሪያው ከበራ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቆይ። ክሪስታሉን በኤታኖል አጽዱ፤ ባክግራውንድ በ64 ስካን፣ በ4 ሴሜ⁻¹ ሬዞሉሽን ውሰዱ። 2 ማይክሮ ሊትር ጠብታ ክሪስታሉ መሀል ላይ አስቀምጡና በክፍሉ አየር ይድረቅ፤ የፀጉር ማድረቂያ ብታቀርቡበት ጠብታው ጠርዝ ላይ ቀለበት ሠርቶ መሀሉ ባዶ ይቀራል። ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ ይበቃል። የደረቀው ስስ ንጣፍ እንደ መስታወት ማብረቅ ከጀመረ በዝቷል፤ ብረት ሲወፍር ፒኮቹ ይዛባሉ፣ አንዱ ጎናቸው ወደ ታች ይቀለበሳል፣ መሠረታቸውም ያጋድላል። ጥርጉና በቀጠነ ድገሙት። ክሪስታሉ ዚንክ ሴሌናይድ ከሆነ አሲድ በፍጹም አይንካው፤ ክሪስታሉ ይሟሟል፣ የሚወጣውም ጋዝ መርዛማ ነው።

አሁን የሚፈለገው ነገር አንድ ነው። የሲስቴይን የሰልፈርና ሃይድሮጅን ባንድ 2550 ሴሜ⁻¹ አካባቢ፣ ብዙ ነገር በሌለበት ሜዳ ላይ፣ ብቻውን ይቆማል። ሰልፈሩ ከብር ጋር ሲተሳሰር ሃይድሮጅኑ ይለቅና ባንዱ ይጠፋል። ጽሑፎች ሁሉ የሚሉት ይህንን ነው፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን የጠፋ ነገርን ማስረጃ ማድረግ አደገኛ ነው፤ ባንዱ ደካማ ነው፣ ናሙናው ትንሽ ሲሆን ዱሮም ላይታይ ይችላል። ደግሞም ሲስቴይኑ ወደ ሲስቲን ከተለወጠ ምንም ብር ሳይኖር ባንዱ ይጠፋል።

ስለዚህ መቆጣጠሪያው እንዲህ ይሠራል። ሙሉ ሽፋን ያለው ናሙና ከሆነ ከ300 ማይክሮ ሊትሩ 5 ማይክሮ ሊትር ላይ 2.4 ማይክሮ ግራም ሲስቴይን አለ። ከ10 ሚሊሞላሩ የሲስቴይን ፈሳሽ 2 ማይክሮ ሊትር ላይም ያለው 2.4 ማይክሮ ግራም ነው። ይህችን ጠብታ ለብቻዋ ክሪስታሉ ላይ አድርቁና አንብቡ። 2550 ላይ ባንዱ በግልጽ ከታየና ቅንጣቱ ላይ ካልታየ፣ ሰልፈሩ ታስሯል ማለት ትችላላችሁ። ጠብታዋ ላይም ካልታየ ግን ቅንጣቱ ላይ አለመታየቱ ምንም አይናገርም፤ ስካኑን ወደ 256 አሳድጉ ወይም ናሙናውን አብዙ። ቀጥሎ «ላይ 1» ያላችሁትን ፈሳሽ አድርቃችሁ አንብቡ። ቅንጣቱ ላይ ያሉት ፒኮች ሁሉ እዚህም ካሉ እጥበቱ አልበቃም።

ካርቦክሲሌቱ ላይ ብዙ አትድከሙ። 1590 እና 1400 አካባቢ ያሉት ሁለት ባንዶች የሲትሬትም የሲስቴይንም ናቸው። በሁለቱ መካከል ካለው ርቀት ተነሥቶ «በአንድ ኦክስጅን ታስሯል፣ በሁለት ታስሯል» ማለት የተለመደ ነው፤ መለኪያው የወጣው ግን ከአሲቴት ውሑዶች ነው፤ ሁለት ሞለኪውል ተደራርቦ በሚነበብበት ገጽ ላይ እንደ ፍንጭ ካልሆነ አይቆምም።

የሚያሳስቱትን ፒኮች ደግሞ አንድ በአንድ፦

1640 ሴሜ⁻¹ ላይ ያለ ሰፊ ፒክ፣ አብሮት 3300–3400 ላይ ሰፊ ጉብታ ካለ፣ ውሃ ነው። በእጽዋት ጭማቂ የተሠራ ኮሎይድ ላይ «የፕሮቲን አማይድ» ተብሎ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ ናሙናውን በ60 ዲግሪ አቆይታችሁ ድገሙ፤ ሁለቱ አብረው ከቀነሱ ውሃ ነው። ፕሮቲን ቢሆን 1540 አካባቢ ሁለተኛው አማይድ አብሮ መቆም ነበረበት።

1384 ላይ ስል የሆነ፣ ቀጭን ፒክ ናይትሬት ነው፤ ያልታጠበ ሲልቨር ናይትሬት ወይም በናይትሪክ አሲድ ታጥቦ በደንብ ያልተለቀለቀ ዕቃ። በየጥናቱ የካርቦንና ናይትሮጅን ትስስር፣ የሜቲል ቡድን፣ ሌላም ሌላም ሲባል ይታያል። ጫፉ እንደ መርፌ ከሆነ መጀመሪያ ናይትሬት ብላችሁ ጠርጥሩ።

2350 ላይ ያለው ጥንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ከ1400 እስከ 1900 ድረስ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩት ቀጫጭን መስመሮች የአየር ላይ የውሃ ትነት ናቸው። ሁለቱም በባክግራውንዱና በናሙናው መካከል ክፍሉ ስለተለወጠ የመጡ ናቸው። ናሙናው እስኪደርቅ ሩብ ሰዓት ስለሚያልፍ ልክ ከመነበቡ በፊት ሌላ የጸዳ ክሪስታል ባክግራውንድ ማግኘት አይቻልም፤ የሚቻለው በሩን ዘግቶ፣ ሰው ቀንሶ፣ ከመሣሪያው ራቅ ብሎ መተንፈስ ነው። ከ1900 እስከ 2300 ያለው ጭጋግ ደግሞ፣ የኤቲአሩ ክሪስታል ዳይመንድ ከሆነ፣ የክሪስታሉ የራሱ ነው።

መሣሪያውን በዝናብ ወቅት አታጥፉት። ውስጡ ያለው የኬቢአር ቢም ስፕሊተር እርጥበት ጠጥቶ ይደፈርሳል፤ ሙቀቱ ነው የሚጠብቀው። ሲሊካ ጄሉ ከሰማያዊ ወደ ሮዝ ሲለወጥ በ110 ዲግሪ አድርቃችሁ መልሱት። ዩፒኤስ ላይ ይሰካ፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ሌላ 30 ደቂቃ ሳይቆይ አይነበብ።

8. ራማን ካለ

ራማን (ናሙናው የሚበትነውን የሌዘር ብርሃን የሚያነብ መሣሪያ) ላለው ቤተ ሙከራ ብር ስጦታ ነው። ሻካራ ብር ላይ የተቀመጠ ሞለኪውል ምልክቱ በብዙ እጥፍ እንደሚጎላ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ይታወቃል፤ መጉላቱ ከገጹ ጥቂት ናኖ ሜትር ስለማያልፍ ፈሳሹ ውስጥ ያለው ትርፍ እንደ ኤፍቲአይአር አያስቸግርም። ሌዘሩ ናሙናው ላይ ሲደርስ ከ1 እስከ 5 ሚሊዋት ይሁን። 1350 እና 1580 ላይ ሁለት ሰፋፊ ጉብታ ካያችሁ ናሙናው ተቃጥሎ ከሰል ሆኗል፤ ኃይሉን ቀንሱና ቦታ ቀይሩ። 230 እና 240 መካከል ያለውን ባንድ የብርና ሰልፈር ነው ከማለታችሁ በፊት ክሎራይድ አለመኖሩን አረጋግጡ፤ የብርና ክሎራይድ ባንድ እዚያው ሰፈር ነው። ምልክት ለማጉላት የምግብ ጨው የሚጨምሩ ብዙ ስለሆኑ ይህ ስህተት በተደጋጋሚ ይሠራል።

9. ትርፉን ማስወገድ

የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ይቀራል። ብር ደግሞ ለዓሣና ለደቂቅ አልጌ መርዝ ነው። የብር ፈሳሽ ሁሉ፣ የእጥበቱንም ጨምሮ፣ በአንድ ምልክት ባለው ባልዲ ይጠራቀም። ባልዲው ውስጥ ቅንጣት ስላለ መጀመሪያ በናይትሪክ አሲድ ፊውም ሁድ ሥር አሟሙት፤ ከዚያ ነጭ ደመና መውጣቱ እስኪቆም የምግብ ጨው ጨምሩ። አንድ ሌሊት ሲያድር ሲልቨር ክሎራይዱ ታች ይቀመጣል፤ ላዩን ቀድታችሁ በሶዳ ፒኤቹን 7 አካባቢ ካደረሳችሁት በኋላ ድፉ፤ ዝቃጩን በጠቆረ ጠርሙስ አኑሩ። ወደዚህ ባልዲ አሞኒያ ያለበት ነገር አይግባ። አሞኒያና ብር አብረው የቆዩበት ዕቃ ሲደርቅ ጥቁር ዝቃጭ ይሠራል፤ ያ ዝቃጭ ሲነካ ይፈነዳል።